የትንሽ ቤት መሠረት አቀያየስ፤ ቍፋሮ ሳይጀመር ስለሚፈጸም ልክ

ቤት ለመሥራት የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐሳቡንም ገንዘቡንም የሚያውለው ለዓይን በሚታየው ነገር ላይ ነው። ግድግዳው የሚቆምበት ጡብ፥ ጣራው የሚከደንበት ቆርቆሮ፥ በሩና መስኮቱ አስቀድመው ይታሰባሉ፤ ዋጋቸውም ይጠየቃል። ነገር ግን ቤቱ ቀጥ ብሎ መቆሙ ወይም መጣመሙ፥ በባለቤቱ ቦታ ላይ መዋሉ ወይም የጐረቤትን ድንበር መግፋቱ፥ የዝናብ ውኃ ከደጃፉ መራቁ ወይም ወደ ውስጥ መግባቱ የሚወሰነው ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ በሚገኝ አንድ ቀን ነው። ያም ቀን በባዶው መሬት ላይ ችካል የሚተከልበትና ሲባጎ የሚወጠርበት ቀን ነው።

ስሕተት በዚህ ቀን ቢገኝ የሚያስከፍለው አንድ ሚስማር ነቅሎ ሌላ ቦታ መምታት ብቻ ነው። ቦዩ ከተቈፈረ በኋላ ቢገኝ የሠራተኛ ደመወዝና የጥቂት ቀን ጊዜ ያስከፍላል። ግድግዳው ከቆመ በኋላ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ወይ ቤቱ ይፈርሳል፥ ወይ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ ከጠማማ ቤትና ከተቀየመ ጐረቤት ጋር ይኖራል። ስለዚህ የመሠረት ቅየሳን ሥርዐት ማወቅ ለግንበኛው ብቻ የተተወ አይደለም። ገንዘቡን የሚያወጣው ባለቤትና ፈቃዱን የሚሰጠው ሹምም ሊያውቁት ይገባል።

ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንድትሆን የተመረጠችው የኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ናት። ካምፓላ እንደ አዲስ አበባ በኮረብታዎችና በኮረብታዎቹ መካከል በሚገኙ ሸለቆዎች ላይ የተሠራች ከተማ ስለ ሆነች፥ በተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው የሚገጥመው ችግር ሁሉ በእርስዋ ዘንድ ይታያል። ከዚህም በላይ በካምፓላ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂቶች አይደሉም፤ ካባላጋላ የተባለው ሰፈር በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የታወቀ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፥ የኢትዮጵያ አቈጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ክብ ቤትና ስለ ባለ አራት ማዕዘን ቤት

በኢትዮጵያ የገጠር ጎጆ ሲሠራ ቅየሳው እጅግ ቀላል ነው። በመካከል አንድ ችካል ይተከላል፤ በችካሉ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ የገመዱም ጫፍ እየዞረ መሬቱን ይጭራል። በቡጋንዳም የጥንቱ ቤት ክብ ነበር። በካምፓላ በካሱቢ ኮረብታ ላይ የሚገኘው የቡጋንዳ ነገሥታት መቃብር ዋናው ቤት በዚሁ ዐይነት ክብ ሆኖ የተሠራ ነው። ይህ ቦታ በ2001 ከዓለም ቅርሶች ጋር ተመዘገበ፤ በመጋቢት 2010 ቤቱ በእሳት ተቃጠለ፤ ከብዙ ዓመት ሥራም በኋላ እንደ ገና ታንጿል።

ክብ ቤት በአንድ ችካልና በአንድ ገመድ ልክ ስለሚወጣ መጣመም አያገኘውም። ባለ አራት ማዕዘን ቤት ግን አራት ማዕዘን፥ አራት ጐንና ሁለት ሰያፍ ስላለው፥ ከእነዚህ አንዱ ቢሳት ሌላው ሁሉ ይሳታል። ሰያፍ የሚባለው ከአንዱ ማዕዘን ተነሥቶ በመካከል አልፎ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የሚሻገረው መስመር ነው። ሰው ከክብ ቤት ወደ ባለ ማዕዘን ቤት ሲሸጋገር ችካሉና ገመዱ ያው ናቸው፤ የተጨመረበት ነገር ቢኖር ልኩን ደግሞ ደጋግሞ የመመርመር ግዴታ ነው።

ድንበሩን አስቀድሞ ስለ ማረጋገጥ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ቤቱ የት ይቁም?» ሳይሆን «ቦታው ከየት እስከ የት ነው?» የሚለው ነው። በካምፓላና በዙሪያዋ ያለው መሬት ብዙው ማይሎ በተባለው ሥርዐት የተያዘ ነው። ይህ ሥርዐት የመጣው በ1900 በቡጋንዳና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል ከተደረገው ውል ነው። በዚያን ጊዜ መሬቱ በካሬ ማይል እየተለካ ስለ ተከፋፈለ ስሙም ከዚያው ወጣ። በማይሎ መሬት ላይ የባለርስትነት ማስረጃ የያዘው ሰውና በቦታው ላይ ተቀምጦ የሚኖረው ሰው ልዩ ልዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የሁለተኛው ይዞታ ኪባንጃ ይባላል። የውጭ አገር ዜጋ ግን በኡጋንዳ ሕግ መሠረት በኪራይ ውል እስከ 99 ዓመት ሊይዝ ይችላል እንጂ የማይሎ መሬት ባለቤት ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ችካል ከመተከሉ በፊት ማን በምን መብት እንደሚሠራ በጽሑፍ የታወቀ መሆን አለበት።

መብቱ ከታወቀ በኋላ የድንበር ድንጋዮቹ ይፈለጋሉ። ሕጋዊ ቀያሽ በየማዕዘኑ የተከላቸው ድንጋዮች አንዳንድ ጊዜ በሣር ተሸፍነው፥ አንዳንድ ጊዜም ተነቅለው ይገኛሉ። ድንጋዩ የታጣ እንደ ሆነ አጥርን ወይም ዛፍን ድንበር ነው ብሎ መገመት አይገባም፤ ቀያሹ ተጠርቶ ድንበሩን እንደ ካርታው እንዲያሳይ ይደረጋል። ጐረቤቶችም በዚያን ጊዜ ቆመው ቢያዩ መልካም ነው። ባዩት ነገር ላይ የተስማሙ ጐረቤቶች ኋላ በፍርድ ቤት አይካሰሱም።

በካምፓላ ቦታ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ በጫማ ተለክቶ ነው። የታወቀው ትንሽ ቦታ 50 ጫማ በ100 ጫማ ሲሆን፥ አንድ ጫማ 30.48 ሳንቲሜትር ስለ ሆነ ቦታው 15.24 ሜትር በ30.48 ሜትር ይሆናል። የቤቱ ፕላን ደግሞ በሜትር ይሳላል። ጫማንና ሜትርን ማደባለቅ የብዙ ስሕተት ምንጭ ስለ ሆነ ሁሉም ወደ ሜትር ተለውጦ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። የዚህ ቦታ ሰያፍ 34 ሜትር ከ8 ሳንቲሜትር ያህል ነው። በመሬቱ ላይ የተለኩት ሁለቱ ሰያፎች ከዚህ ልክ እጅግ ከራቁ ወይም እርስ በርሳቸው ካልተካከሉ፥ ቦታው የተባለውን መልክ የያዘ አይደለም፤ ቤቱም በዚያ መልክ ሊቀየስ አይገባም።

ስለ መሬቱ ዐይነት

የካምፓላ ኮረብታዎች አናታቸው ብዙውን ጊዜ ጠፍጣፋ ነው። በአናቱ አጠገብ የሚገኘው ጠንካራ ቀይ ጠጠራማ አፈር በአገሩ ሰዎች ዘንድ ሙራም ይባላል፤ ለትንሽ ቤትም መልካም መሠረት ይሆናል። በተዳፋቱ ላይ ቀይ ሸክላማ አፈር አለ። በኮረብታዎቹ እግር ያሉት ሸለቆዎች ግን ደንገል የሚበቅልባቸው ረግረጎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ ረግረግ ናቸው። የከተማይቱ ውኃ በናኪቩቦ ቦይ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወርደው በእንዲህ ያለ ሸለቆ አልፎ ነው። በሸለቆ ውስጥ ያለው ለስላሳ አፈር ከላይ በተደፋ ሙራም ተሸፍኖ ደረቅ መሬት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የተደፋ አፈር የቤት መሸከሚያ አይሆንም።

በአዲስ አበባና በብዙ የኢትዮጵያ ደጋዎች የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ከእርሱ ጋርም ግድግዳው ይነሣል፥ ይወርዳልም። ስለዚህ በየትም አገር ቢሆን ከቅየሳው በፊት ቤቱ በሚያርፍበት ስፍራ አንድ ሁለት የመሞከሪያ ጕድጓድ ተቈፍሮ፥ ጠንካራው መሬት በምን ያህል ጥልቀት እንደሚገኝ መታየት አለበት። በጕድጓዱ ውስጥ ረግረግ፥ ቆሻሻ ወይም የተደፋ አፈር የተገኘ እንደ ሆነ፥ ነገሩ ከግንበኛ ዕውቀት በላይ ስለ ሆነ መሐንዲስ ይጠየቃል።

የቤቱም አቅጣጫ በዚሁ ጊዜ ይታሰባል። ካምፓላ ለምድር ወገብ እጅግ የቀረበች ስለ ሆነች ፀሐይ ጧት የምሥራቁን፥ ከሰዓት በኋላ የምዕራቡን ግድግዳ ትመታለች። ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ረጅሙ ጐን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲመለከት፥ አጭሩ ጐን ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እንዲሆን ማድረግ ቤቱን ከሙቀት ያድነዋል።

ስለሚያስፈልጉት ዕቃዎች

ለትንሽ ቤት ቅየሳ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሚበቁት እነዚህ ናቸው፤ የማይሳብ የብረት ሜትር፥ ጠንካራ ሲባጎ፥ ከ50 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚረዝሙ የእንጨት ችካሎች፥ ቀጥ ያሉ ጣውላዎች፥ ሚስማርና መዶሻ፥ ቱንቢ፥ ውኃ ልክ፥ ውስጡ የሚታይ ረጅም የላስቲክ ቱቦ፥ እንዲሁም መስመሩን በመሬት ላይ ለማስመር ኖራ ወይም አመድ ነው። የጨርቅ ሜትር ሲሳብ ስለሚረዝም ለዚህ ሥራ አይታመንም። የቅየሳው ሥራ በሦስት ሰዎች ይፈጸማል፤ ሁለቱ ይይዛሉ፥ ሦስተኛው ያነባል፥ ይጽፋልም።

ከማንኛውም ልክ በፊት ስፍራው ይጸዳል። ሣሩ፥ ሥሩና የላይኛው ለም አፈር 15 ሳንቲሜትር ያህል ተገፎ ይወሰዳል፤ የምስጥ ኩይሳ ቢገኝ እስከ ሥሩ ይቈፈራል። ከችካል በላይ ሣር ካለ ሲባጎው ይታጠፋል፤ የታጠፈ ሲባጎም ሐሰተኛ ልክ ይሰጣል።

ስለ መጀመሪያው መስመርና ስለ ማዕዘኑ

ለምሳሌ ያህል ሁለት ክፍል ያለው፥ ከውጭ ወደ ውጭ ሲለካ ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ስፋቱ 6 ሜትር የሆነ፥ የግድግዳውም ውፍረት 20 ሳንቲሜትር የሆነ ቤት ይቀየሳል እንበል።

መጀመሪያ የፊት ለፊቱ መስመር ይወጣል። ይህ መስመር የሁሉ እናት ነው። ከድንበሩ ወይም ከመንገዱ መስመር በተፈቀደው ርቀት በሁለት ስፍራ ተለክቶ ሲባጎ ይወጠራል። በሲባጎው ላይ አንድ ችካል ይተከላል፤ በችካሉም ራስ ላይ ሚስማር ይመታል። ከዚህ ሚስማር 8 ሜትር ተለክቶ ሁለተኛው ችካል ይተከላል። ልክ የሚነሣው ከችካሉ እንጨት ሳይሆን ከሚስማሩ ነው፤ ችካል የጣት ውፍረት ሊያሳስት ይችላልና።

ቀጥሎ በመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቀጤ ማዕዘን ይወጣል። ቀጤ ማዕዘን ማለት እንደ መጽሐፍ ማዕዘን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ያላዘነበለ ማለት ነው። አንዳንድ ግንበኞች ይህን በትንሽ የእንጨት ማዕዘን መለኪያ ይፈጽማሉ። ነገር ግን ክንዱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ መለኪያ 2 ሚሊሜትር ብቻ ቢሳሳት፥ ስሕተቱ በ8 ሜትር ጫፍ ላይ ወደ 27 ሚሊሜትር ያድጋል። ስለዚህ የሚሻለው የ3፥ የ4ና የ5 ሥርዐት ነው። ከማዕዘኑ ሚስማር በፊት መስመር ላይ 4 ሜትር ይለካል፤ ወደ ጐን በሚሄደው ሲባጎ ላይ 3 ሜትር ይለካል፤ ከዚያም በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት በትክክል 5 ሜትር እስኪሆን ድረስ የጐኑ ሲባጎ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይገፋል። 5 ሜትር የሆነ ጊዜ ማዕዘኑ ቀጤ ነው። ምክንያቱም 3 በ3 ሲባዛ 9፥ 4 በ4 ሲባዛ 16 ሆኖ፥ ሁለቱ ሲደመሩ 5 በ5 ተባዝቶ ከሚገኘው 25 ጋር ስለሚተካከሉ ነው።

በዚሁ ሲባጎ ላይ 6 ሜትር ተለክቶ ሦስተኛው ችካል ይተከላል። በሁለተኛውም ማዕዘን ይህንኑ በማድረግ አራተኛው ችካል ይገኛል። በሦስተኛውና በአራተኛው ችካል መካከል ያለው የኋላው ጐን ሲለካ 8 ሜትር መሆን አለበት።

ስለ ሰያፍ ልክ

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች «አለቀ» ብለው ዶማ ያነሣሉ። ነገር ግን ዋናው ምርመራ ገና አልተደረገም። ሁለቱ ሰያፎች ይለካሉ። በዚህ ምሳሌ እያንዳንዱ ሰያፍ 10 ሜትር መሆን አለበት፤ 6 በ6 ሲባዛ 36፥ 8 በ8 ሲባዛ 64፥ ድምሩ 100 ስለ ሆነ ነው።

የሰያፍ ልክ ጥቅሙ ትንሹን ስሕተት አጉልቶ ማሳየቱ ነው። የቤቱ ማዕዘን በ1 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል በዓይን አይታወቅም፤ ጐኖቹም ሲለኩ ትክክል ሆነው ይገኛሉ። ሁለቱ ሰያፎች ግን በ17 ሳንቲሜትር ያህል ይለያያሉ። ይህ ቤት ቢሠራ የጣራው ቆርቆሮ ከግድግዳው ጋር አይገጥምም፤ የወለሉ ንጣፍ በግድግዳው ሥር እየሰፋና እየጠበበ ይሄዳል፤ አልጋና ቁም ሣጥንም ከማዕዘኑ ጋር አይስማሙም።

ሰያፎቹ ያልተካከሉ እንደ ሆነ የፊቱ መስመር አይነካም። የኋላዎቹ ሁለት ችካሎች ብቻ፥ የራሳቸውን ርቀት እንደ ጠበቁ፥ ከፊቱ መስመር ጋር ትይዩ ሆነው አብረው ይገፋሉ፤ የሚገፉትም ረጅሙን ሰያፍ ወደሚያሳጥር አቅጣጫ ነው። በ6 በ8 ቤት ላይ የሰያፎቹ ልዩነት 16 ሳንቲሜትር ቢሆን ችካሎቹ 10 ሳንቲሜትር ይገፋሉ። ከዚህ በኋላ ጐኖቹም ሰያፎቹም እንደ ገና ይለካሉ። ልዩነቱ ከ1 ሳንቲሜትር በታች እስኪሆን ድረስ ይደጋገማል።

ሌላም ሊታወስ የሚገባ ነገር አለ። የሰያፎች መተካከል ብቻውን ምስክር አይሆንም። ፊቱ 8 ሜትር፥ ኋላው 7 ሜትር ተኩል ሆኖ ሁለት ጐኖቹ እኩል ያዘነበሉ ቅርጽ ሰያፎቹ እኩል ናቸው፤ ነገር ግን ቀጤ ማዕዘን የለውም። ስለዚህ ሦስቱ ምስክሮች በአንድነት መስማማት አለባቸው፤ የፊትና የኋላ ጐን እኩል፥ የግራና የቀኝ ጐን እኩል፥ ሁለቱም ሰያፎች እኩል መሆን ይገባቸዋል።

በተዳፋት ላይ ስለሚደረግ ልክ

በካምፓላ ኮረብታዎች ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። ሌላው በተዳፋት ላይ ይሠራል። ቤት የሚቆመው በአግድም ልክ ስለ ሆነ ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ መዘርጋት የለበትም። በ8 ሜትር ላይ 1 ሜትር በሚወርድ ተዳፋት ሜትሩን መሬት ለመሬት የዘረጋ ሰው፥ 8 ሜትር ለካሁ ሲል ያገኘው አግድም ርቀት 7 ሜትር ከ94 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስድስት ሳንቲሜትር ጠፍታበታለች፤ ሰያፎቹም ለምን እንዳልገጠሙለት ሲፈልግ ይውላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሜትሩ አንድ ጫፍ በላይኛው ችካል ላይ ይያዛል፤ ሁለተኛው ጫፍ በውኃ ልክ እየታየ አግድም እስኪሆን ከፍ ይደረጋል፤ ከሜትሩም ቱንቢ ወርዶ የነካው ነጥብ በመሬት ላይ ይመለከታል። ተዳፋቱ ብርቱ ከሆነ ልኩ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ተከፍሎ ይወሰዳል።

ስለ ልክ ጣውላዎች

የማዕዘን ችካሎቹ ቦዩ ሲቈፈር ይነቀላሉ። እነርሱ በተነቀሉ ጊዜ ልኩ አብሮ እንዳይጠፋ የልክ ጣውላዎች ይቆማሉ። በየማዕዘኑ፥ ከሚቈፈረው ቦይ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ወደ ውጭ ርቆ፥ በጠንካራ ችካሎች ላይ አግድም ጣውላ ይመታል። በአንድ ማዕዘን ሁለት ጣውላ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለፊቱ መስመር፥ አንዱ ለጐኑ መስመር ነው። የጣውላዎቹ ሁሉ የላይ ጠርዝ በአንድ ከፍታ ላይ ቢሆን ከፍታ ለመለካት ይረዳል።

የማዕዘኖቹ መስመር በሲባጎ ወደ ጣውላዎቹ ይዛወራል፤ በጣውላውም ላይ አራት ሚስማር ይመታል። ቦዩ 60 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ከሆነ የመጀመሪያው ሚስማር የቦዩን የውጭ ጠርዝ፥ በ20 ሳንቲሜትር ላይ ያለው የግድግዳውን የውጭ ፊት፥ በ40 ላይ ያለው የግድግዳውን የውስጥ ፊት፥ በ60 ላይ ያለው የቦዩን የውስጥ ጠርዝ ያመለክታል። በዚህ ዐይነት ግድግዳው በመሠረቱ መካከል ያርፋል። ግድግዳ በመሠረቱ ጠርዝ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ክብደቱ በአንድ ወገን ስለሚጫን መሠረቱ ያዘነብላል። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ መካከሉ ከውጭው ፊት 4 ሜትር ላይ ይሆናል፤ ለእርሱም የራሱ ጣውላ ይቆምለታል፤ እያንዳንዱም ክፍል 3 ሜትር ከ70 ሳንቲሜትር ርዝመት ያገኛል።

እዚህ ላይ ድንበሩ እንደ ገና ይታያል። ግድግዳው 8 ሜትር በ6 ሜትር ቢሆንም ቦዩ ከውጭ ወደ ውጭ 8 ሜትር ከ40 በ6 ሜትር ከ40 ይሆናል። የጣራው ክፈፍ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል። በራስ ቦታ ላይ የቆመ ግድግዳ መሠረቱ ከጐረቤት መሬት ውስጥ ከገባ፥ ወይም የጣራው ውኃ በጐረቤት ግቢ ከፈሰሰ፥ ድንበር ተገፍቷል።

ስለ ከፍታ

ከፍታን ለማስተካከል በውኃ የተሞላ የላስቲክ ቱቦ ይበቃል። በአንድ ቱቦ ውስጥ ያለ ውኃ ሁለቱ ጫፎች ክፍት ከሆኑ በሁለቱም ዘንድ በአንድ ከፍታ ላይ ይቆማል። በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን ውኃው ይዋሻል፤ ስለዚህ ልክ ከመወሰዱ በፊት ሁለቱ ጫፎች ጐን ለጐን ተይዘው ውኃው እኩል መሆኑ ይረጋገጣል።

በቦታው ላይ ማንም በማይነካው ስፍራ አንድ ጠንካራ ችካል በኮንክሪት ይተከላል፤ ራሱም የወለሉን ከፍታ ያመለክታል። ወለሉ ከላይኛው ወገን ካለው መሬት ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። በካምፓላ ዝናብ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ከቤቱ በላይ በተቈፈረ ማስወገጃ ቦይ ካልተመለሰ ወደ መሠረቱ ይገባል። የሚቻል ከሆነ ቍፋሮው በደረቁ ወራት ቢደረግ ይመረጣል፤ የቅየሳ ችካልም ለብዙ ወራት በመሬት ውስጥ ከቆየ ምስጥ ስለሚበላው፥ ቅየሳው ከቍፋሮው ብዙ እንዳይቀድም ይሁን።

በተዳፋት ላይ የመሠረቱ ግርጌ መሬቱን ተከትሎ ማዘንበል የለበትም፤ እንደ ደረጃ በእርከን ይሠራል እንጂ። የመሠረቱ ኮንክሪት ውፍረት 20 ሳንቲሜትር፥ የብሎኬቱም ከፍታ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ፥ እያንዳንዱ እርከን 20 ሳንቲሜትር ይሁን። የላይኛው ኮንክሪት በታችኛው ላይ ቢያንስ 40 ሳንቲሜትር ይደረብ። እንዲህ ሲሆን ግንቡ ሳይቈራረጥ ረድፉን ይጠብቃል፤ ቤቱም ወደ ታች የመንሸራተት ዝንባሌ አያገኘውም።

ስለ ቍፋሮውና ስለ ሠራተኞች ደኅንነት

ቦዩ በኖራ በተሰመረው መስመር ይቈፈራል። ጥልቀቱ የሚወሰነው በፕላኑና በመሬቱ ጥንካሬ ነው። ከተቈፈረ በኋላ ሲባጎዎቹ እንደ ገና በሚስማሮቹ ላይ ይወጠራሉ፤ ሁለት ሲባጎ ከሚገናኙበት ነጥብ ቱንቢ ወደ ቦዩ ግርጌ ይወርዳል፤ የግድግዳውም ማዕዘን በዚያው ይገኛል። ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት ሰያፎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ይለኩ።

የወጣው አፈር ከቦዩ ጠርዝ ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ ይከመር፤ በጠርዙ ላይ የተከመረ አፈር በክብደቱ ቦዩን ያፈርሳል፥ በዝናብም ተመልሶ ይገባል። ቦዩ ከሰው ወገብ በላይ የጠለቀ እንደ ሆነ ግድግዳው በጣውላ ሊደገፍ ይገባል። በጥቅምት 2008 በካምፓላ ከተማ መካከል ለትልቅ ሕንፃ በተቈፈረ ጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ አፈር ተንዶ ሠራተኞች ሞተዋል። የትንሽ ቤት ቦይ እንደዚያ ጥልቅ አይደለም፤ ነገር ግን በውኃ የራሰ ጥቂት አፈርም አጐንብሶ የሚሠራን ሰው ለመቅበር ይበቃል።

ለአስተዳደር ሹማምንት

በኡጋንዳ በ2013 የወጣው የሕንፃ ቍጥጥር ሕግ በየአስተዳደሩ የሕንፃ ኮሚቴና የሕንፃ ተቈጣጣሪ እንዲኖር አድርጓል። የካምፓላ ከተማ ጕዳይ የሚታየው በካምፓላ ዋና ከተማ ባለሥልጣን ነው። በኢትዮጵያም በ2001 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624 ታውጇል። በሁለቱም አገር ሕግ አውጪው ያሰበው ፈቃድ ከሥራ እንዲቀድም ነው። ሆኖም ፈቃድ በወረቀት ላይ ሲሆን ቤት በመሬት ላይ ነው፤ ሁለቱ የሚገናኙት ችካል በሚተከልበት ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ተቈጣጣሪው ግድግዳው ከቆመ በኋላ መጥቶ «አፍርስ» ከሚል፥ ሲባጎው ተወጥሮ ሳለ መጥቶ አምስት ነገር ቢመረምር ለሕዝቡም ለመንግሥትም ይበጃል። የመጀመሪያው የጸደቀው ፕላን በቦታው መገኘቱ፥ ሁለተኛው የድንበር ድንጋዮቹ መታየታቸውና ከእነርሱ የተለካው ርቀት ከፕላኑ ጋር መስማማቱ፥ ሦስተኛው የአራቱ ጐኖችና የሁለቱ ሰያፎች ልክ በጽሑፍ መያዙ፥ አራተኛው የመሞከሪያ ጕድጓዱ ጠንካራ መሬት ማሳየቱ፥ አምስተኛው የወለሉ ከፍታ መወሰኑና የጎርፉ መሄጃ መታወቁ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም። ለመፍረስ የሚዳረግ ቤት ግን የአንድን ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል፤ ዕዳውም በባለቤቱ ብቻ ሳይሆን በዝምታ ባለፈው ሹም ላይም ይወድቃል።

ቤት የሚሠራውም ሰው በበኩሉ ግንበኛውን ማቻኰል የለበትም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በአንድ ጧት ተሰልፎ ተለክቶ በዚያው ጧት የተቈፈረ መሠረት ብዙ ጊዜ ይጸጽታል። ሲባጎው ተወጥሮ አንድ ሌሊት ይደር፤ በማግሥቱ ሌላ ሰው በሌላ ሜትር እንደ ገና ይለካው። በሁለተኛው ቀን የተገኙት ልኮች በመጀመሪያው ቀን ከተጻፉት ጋር የተስማሙ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ዶማው ይነሣ። ከተለያዩ ግን ባለቤቱ አንድ ቀን ጠፋብኝ አይበል፤ ቤቱን ከመፍረስ ያዳነበት ቀን ነውና።